እጀታ ያለው ኮምፒዩተር

የፖሊስ መቶ አለቃ ወልደ ኪዳን ከሞጣ ተጠርቶ ቢቸና ሲደርስ የፈረደ ሬሳ ገና ከወንበሩ አልተነሣም ነበር። የሕጻናቱን የእርዳታ ወተት ሊቆጣጠር የመጣው ወጣት ትናንት ማጅራቱን ተመትቶ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ነው የተገኘው። ዝንብ ወሮታል።

መቶ አለቃው ትንፋሹን ውጦ ዕቃውን መረመረ። ሲዘጋ የስፌት መኪና ሣጥን ይመስላል። ክዳኑ ራሱ፣ ሲከፈት፣ ፊደል መምቻው ገበታ ነው፤ መሐሉ ላይ መዳፍ የምታህል መስታወት፣ በግራና በቀኝ የዲስክ መክተቻ አለው። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከኋላ እንደተጠቀለለ ነው። ገበታውን ሲገለብጠው ከሥሩ የደረቀ ደም አገኘ።

የፈረደ ወጥ ቤት ሠራተኛ ስንቄ ታስራለች። ምሳ ይዛ ብትሄድ የሚከፍትላት አጥታ መመለሷን ትምላለች። ወደ ማርቆስ ወህኒ የሚወስዳት መኪና ቆሞ ይጠብቃል፤ የምታጠባው ልጇ ጎረቤት ቀርቷል፤ ወተቷ ቀሚሷን አርሶታል። ያሳሰራት የወተቱ መጋዘን ኃላፊ የከፋለ ቃል ነው።

መቶ አለቃው ወደ ከፋለ ግቢ ጎራ አለ። የሚደልቡት ወይፈኖች እስከ አፍንጫቸው ነጭ ሊጥ ተለቅልቀዋል፤ ገንዳው የኮመጠጠ ወተት ይከረፋል። አጠገቡ የእርዳታ ወተት ከረጢት ተጥሏል።

ከፋለን፣ ስንቄንና የሟቹን ጎረቤት መምህር ደምለውን መጋዘኑ ደጃፍ ሰበሰበ።

«ጓድ ከፋለ፣ ያዩትን ይድገሙልኝ።»

«ትናንት ቀትር ላይ በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ፈረደ ይጽፋል። አረንጓዴ ፊደል መስታወቱ ላይ ይሮጣል። ከዚያ ይቺ ምሳ ይዛ ገባች፤ ሌላ የገባ የለም።»

«የከተማው ጄኔሬተር የሚነሣው ሲመሽ ነው። በቀን በምን በራ?»

ከፋለ ሳቀ። «ሞጣ ቴፕ የላችሁም እንዴ መቶ አለቃ? እጀታ ያለው ዕቃ እኮ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል።»

መቶ አለቃው ኮምፒዩተሩን አዞረው። የድንጋይ ማስቀመጫ የለውም። እጀታው ለመሸከሚያ ብቻ ነው።

«ደሙ ያለው በክዳኑ የውጭ ገጽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲመታ ዕቃው ዝግ ነበር። ከፍቶ ሲሠራ ያስመሰለው ገዳዩ ነው። ፈረደ መብራት በሌለበት አይከፍተውም። መምህር ደምለው ማታ ማታ አብሮት ይሠራ ነበር። ስንቄም መብራት ሲመጣ ሶኬቱን የምትሰካለት እሷ ነች። በድንጋይ ይሠራል ብሎ የሚያምን ከእናንተ አንድ ሰው ብቻ ነው። ወተቱን ወይፈን ሲልስ ፈረደ አይቶብዎታል።»

ከፋለ አልካደም፤ ትከሻውን ሰበቀ።

«ልጆቹ እንደሆኑ ጠጡም አልጠጡም ይሞታሉ። ወይፈን ግን ሥጋ ያወጣል።»

የስንቄ እጅ ሲፈታ ማንንም ሳታመሰግን ወደ ልጇ ሮጠች። ፖሊሱ እሷ በታሰረችበት ገመድ ከፋለን ሊያስር ሲጠጋ መቶ አለቃው «ይሄ ንጹሕ ሰው የታሰረበት ነው» ብሎ ከለከለው፤ ሌላ ገመድ አስመጣ።