አራተኛው ድርሻ

«ውረድ! ማኑ፣ ከሳጥኑ ላይ ውረድ ብዬሃለሁ!»

ሌፔካ እንደዚህ ጮኻ አታውቅም። የስምንት ዓመቱ ወንድሟ በሰማያዊ ሸራ የተጠቀለለው ረጅም ሳጥን ላይ ተንፈራጦ፣ እግሮቹን እያወናጨፈ ብስኩት ይበላል። ፍርፋሪው ሸራው ላይ ተበትኗል።

«ምን አደረግኩሽ? ቁም ሳጥን አይደል? በእኔ ኪሎ ይሰበራል እንዴ?»

«የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው። ውረድ በቃ!»

«እሺ ባክሽ፣ አትጨቅጭቂኝ።» ዘሎ ወረደና ሸራውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይቅርታ፣ ቁም ሳጥን!»

አባታቸው ፊሊፖ ሳጥኑ ግርጌ፣ የዱቄት ጆንያ ተደግፎ ተቀምጧል። ቀና እንኳን አላለም። መርከቡ ከአፒያ ወደብ ከተነሳ ጀምሮ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም። ምግብ ሲያመጡለት ይቀበላል፣ ከዚያ አጠገቡ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ሌፔካ ፍርፋሪውን በእጇ ጠረገችና ሸራውን አስተካከለች። ከስር ያለው እንጨት ጠንካራ ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ ያለችው እናታቸው ሜሌ ናት። ሌፔካ ታውቃለች። አባቷ ያውቃል፣ መርከበኞቹ ያውቃሉ፣ ሃምሳ ምናምን ተሳፋሪ በሙሉ ያውቃል። እዚያ መርከብ ላይ የማያውቅ ሰው ቢኖር ማኑ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀገራቸው ቶክላው ማለት ሦስት ትንንሽ ደሴቶች ናቸው፣ ሌላ ምንም የለም። ትልቅ ሆስፒታል የለም፣ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦታ የለም። ሰው ሲታመም በዚህ መርከብ ተጭኖ አንድ ቀን ተኩል ተጉዞ ሳሞአ፣ አፒያ ከተማ ይሄዳል። እናታቸው ስትታመም አራቱም አብረው ሄዱ። ሦስት ወር ቆዩ። ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት አባቷ ሌፔካን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጥግ አስይዞ ሁለቱንም ትከሻዋን ጨበጠ።

«ለማኑ እንዳትነግሪው» አላት። «ደሴታችን አታፉ ስንደርስ፣ አያቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ይስማ። ባሕር ላይ አይለቀስም። አባቴ ባሕር ላይ አላስለቀሰንም፣ እኔም አላስለቅሰውም። ማይልኝ።»

ማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ሲለምን አይታ አታውቅም ነበር።

ስለዚህ እማዬ «ሆስፒታል ቀርታለች፣ በሚቀጥለው መርከብ ትመጣለች»። ሳጥኑ ደግሞ «የቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን» ሆነ። ማኑም አመነ። እህቱና አባቱ ናቸው የነገሩት፣ ለምን አያምንም?

የመጀመሪያው ደሴት ፋካኦፎ ነበር። መርከቡ ውሃው ስር ያለውን የኮራል ድንጋይ ፈርቶ ከሩቅ ቆመ፤ ዕቃና ሰው የሚያመላልሱት ጀልባዎች መጡ። አንዷ ጀልባ ውስጥ ግን ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ብቻ ነበሩ። መርከቡ ስር መጥተው ቆሙና መዘመር ጀመሩ። ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርጋቸው ድምፃቸውም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ሌፔካ ከንፈሯን ነከሰች።

«ለማን ነው የሚዘምሩት?» አለ ማኑ በብረቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ።

አባቱ እጁን ሸራው ላይ አሳረፈ።

«ለእኔ ነዋ!» አለ ሶሎ የሚባለው መርከበኛ፣ ገመድ እየጠቀለለ። «ባለፈው በክሪኬት ድባቅ መትቻቸው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይቅርታ ይጠይቁኛል።»

«ውሸታም! አንተ እኮ የአታፉ ልጅ ነህ፣ አታፉ መቼ ነው አሸንፎ የሚያውቀው?»

«ኧረ ተው! እንዲህ አይነት ልጅ ነው ለሀገሩ የምናሳድገው?»

ማኑ ከት ብሎ ሳቀ። ሶሎም ሳቀ፣ ግን ወዲያው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ሌፔካ በዚያች ደቂቃ ሁሉንም ጠላች፤ ሶሎን፣ ሴቶቹን፣ ራሷን። መንገዱ ቶሎ እንዲያልቅ ትመኛለች፣ ከዚያ ደግሞ ምን እንደሚጠብቃቸው ስታስብ እንዳያልቅ ትመኛለች። መርከቡ እየዞረ፣ ደሴት ካየ ሸሽቶ እየሄደ፣ እስከ ዘላለም ቢሄድስ? ማኑም እስከ ዘላለም እየሳቀ።

በነጋታው ጠዋት ሁለተኛው ደሴት ኑኩኖኑ ደረሱ። የሚወርደው በርሜል ብዙ ነው፣ መርከቡ እስከ ከሰዓት አይንቀሳቀስም ተባለ።

«እናንተ ላኒ ጋ ሂዱ፣ ትኩስ ነገር ትብሉ» አለ አባቷ። ላኒ የአጎቱ ልጅ ናት። «እኔ ብቻዋን አልተዋትም።»

«ማንን?» አለ ማኑ።

«መርከቧን» አለች ሌፔካ ቶሎ ብላ። ውሸቱ እንደዚህ ቀለል ብሎ ሲወጣላት ደነገጠች።

አክስት ላኒ ባሕሩ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። ማኑን ስታቅፈው ትከሻዋ ተናጠ። ሲያያት ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ «ጉንፋን ነው፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ ክፉ ጉንፋን» አለች። ማኑ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሸት አለ፣ እንዳይጋባበት።

ገና ቤት ሳይገቡ ከወደ ባሕሩ ጩኸት ተሰማ። የሌሊት አጥማጆች ተመልሰዋል፣ ዓሣ ሊታደል ነው። የማኑ ዓይን በራ። አታፉ ላይ የቤታቸውን ድርሻ የሚያመጣው እሱ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ አፒያ ውስጥ ሲዞር የዚህ ናፍቆት እንደ ረሃብ ይዞት ነበር። ከላኒ ግድግዳ ላይ የኮኮነት ቅጠል ቅርጫት መንጭቆ ሮጠ።

«ማኑ! ቆይ! አንተ!» ሌፔካ ከኋላው ሮጠች።

ዓሣው አንድ ዛፍ ጥላ ስር፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ቅጠል ላይ በመደዳ ተደርድሯል። ይሄ ኢናቲ ነው። የተያዘው ሁሉ ለሁሉም በነፍስ ወከፍ ይካፈላል። ያጠመደም ያላጠመደም፣ ትናንት የተወለደም፣ አልጋ ላይ የተኛም እኩል ነው። አካፋዩ አሌሳና የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ደወል ነው። የቤቱን ስም ይጠራሉ፣ አንድ ልጅ ቅርጫቱን ይዞ ይሮጣል፣ ይቆጥሩለታል። ወረቀት የለም። የደሴቱ ሰው ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው።

«የላኒ ቤት!» አሉ። «ስድስት፣ ለእንግዳ ደግሞ ሦስት።»

«አራት!» አለ ማኑ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ሰልፍ ይዞ የሚጠብቀው ልጅ ሁሉ ወደ ማኑ ዞረ።

«እኔ አንድ፣ እሷ ሁለት፣ አባዬ መርከብ ላይ ሦስት። እማዬ ደግሞ አፒያ ሆስፒታል ናት።» በጣቱ እየቆጠረ አሳያቸው። «ሆስፒታል ያለ ሰው ይቆጠራል እኮ። እኛ ጋ ይቆጠራል። እናንተ ጋ አይቆጠርም እንዴ?»

«እኛም ጋ ይቆጠራል» አሉ አሌሳና ቀስ ብለው።

«እንዴ! እናትህ እኮ—» አለ አንድ ልጅ ከሰልፉ፤ ታላቅ እህቱ አፉን በእጇ ከደነችው።

ማኑ ዞሮ ልጁን አየው። ከዚያ ሽማግሌውን። አሌሳና በግማሽ ጎንበስ ብለው እሷን ያያሉ። አይናቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

«ልጄ፣ ትልቋ አንቺ ነሽ» አሏት። «ስንት ናችሁ?»

ኢናቲ ላይ አይዋሽም። ይሄንን ማንም አስተምሯት አያውቅም፣ ማስተማርም አያስፈልገውም ነበር። እዚህ ቅጠል ላይ አንድ የጨመርክ ቀን ከአንድ ሰው አፍ ወስደሃል፣ ያ ሰው ደግሞ ጎረቤትህ ነው፣ ስሙን ታውቃለህ። አታፉ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት ቁጥር ዋሽቶ የተያዘ ሰው አለ፤ እስከ ዛሬ ሲያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ማኑ እጇን ጎተታት። «ንገሪያቸው እንጂ!»

«አራት» አለች ሌፔካ።

ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷም ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ ታውቃለች። አሌሳና ጎንበስ ብለው አራተኛውን ዓሣ አነሱና ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጡት፤ አልወረወሩትም፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አስቀመጡት።

ማኑ በመንገዱ ላይ ደስታው ሊገድለው ነበር። «አየሽ? ባልናገር እኮ ሊበሉን ነበር! ቀሽም ነሽ አንቺ፣ ሁሌ ዝም!» ቅርጫቱን በሆዱ አቅፎ ትልቁን ዓሣ መረጠ። «ይሄ የእማዬ ነው። ሶሎን እለምነውና የመርከቡ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጥልኛል፣ ሲመለስ ሆስፒታል ያደርስላታል። ጭንቅላቱ እንዳይቆረጥ በይው። ጭንቅላቱን ነው የምትወደው። ዓይኑን ደግሞ ለእኔ ትሰጠኝ የለ?»

«አዎ» አለች ሌፔካ። «ትሰጥህ ነበር።»

«ትሰጠኛለች» አለ ማኑ፣ አረማት።

አክስት ላኒ ዓሣውን ተቀብላ ማብሰል ጀመረች። የእማዬን ግን ማኑ አላስነካም፤ በቅጠል ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ አስቀመጠና አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዝንብ ያባርራል። የላኒ ቤት ግድግዳው ግማሽ ነው፣ መንገዱ በሙሉ ይታያል። ሌፔካ ወደ መንገዱ እያየች ሳለ አሌሳና አለፉ። ብቻቸውን ነበሩ። ቅርጫታቸውን ገልብጠው ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

«ምነው ባዶ?» አለች ሌፔካ።

ላኒ እሳቱን ቆሰቆሰች።

«አክስቴ፣ ለምንድን ነው ባዶ የያዙት?»

«የዛሬው ዓሣ ልክ በነፍስ ነበር የመጣው፣ ትርፍ አልነበረውም። አካፋይ ደግሞ የራሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚወስደው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሰምተሻል? ማንም አልተቀየመሽም።»

ሌፔካ ሰምታለች። ብትሰማም አልረዳትም። ነገ አታፉ ሊደርሱ ነው፣ አታፉም ዓሣ ይካፈላል። ማኑ እዚያም ቅርጫቱን ይዞ ይሮጣል፣ አራት ይላል። አያቱ እቅፍ ውስጥ ቢነግሩትም፣ ከዚያ በኋላ ባለው ቀን፣ ከዚያም በኋላ ባለው ቀን፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ «ስንት ናችሁ?» ይላቸዋል። ሦስት የሚባልበት ቀን ግድ ይመጣል። መርከቡ የትም ቢዞር ከዚያ ቀን አያመልጥም። አባቷ ያመለጠ መስሎት ነበር፤ ያ ቀን ግን ይኸው እዚህ መንገድ ላይ፣ ባዶ ቅርጫት ይዞ አለፈ።

አባቷን አሰበች፣ ዱቄት ጆንያ ተደግፎ። ማይልኝ ያላትን። ባሕር ላይ አይለቀስም። አሁን ግን እግሯ ስር ያለው መሬት ነው።

ተነሳችና የተጠቀለለውን ዓሣ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው።

«ሄይ! የእማዬ ነው!» ማኑ ብድግ አለ።

«አውቃለሁ። ና፣ እንመልሰው።»

«ለማን? አበድሽ እንዴ?»

«ለጋሽ አሌሳና። አንድ ጎኑን ያዝልኝ፣ ይከብዳል።»

አይከብድም ነበር። ማኑ ግን ያዘው። ላኒ ከእሳቱ ቀና ብላ አየቻቸው፣ አፏን በእጇ ያዘች፣ አላስቆመቻቸውም።

መንገዱ ነጭ የኮራል ጠጠር ነው፣ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። የሽማግሌው ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ ቢበዛ መቶ እርምጃ። በግራ በኩል በኮኮነቶቹ መሃል ባሕሩ ይታያል፣ ባሕሩ ላይ መርከቡ፣ መርከቡ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ። ማኑ መጀመሪያ ላይ እየተነጫነጨ ነበር፤ ተንኮለኛ፣ ከሃዲ፣ ምናምን አላት። ከዚያ ንጭንጩ ሳሳ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«ያ ልጅ ምን ሊል ነበር?» አለ።

ሌፔካ ዓሣው የተጠቀለለበትን ቅጠል አስተካከለች።

«ሌፔካ። ሴቶቹ ለሶሎ አይደለም አይደል የዘመሩት?»

ቅርጫቱ በመሃላቸው ተንጠልጥሏል። ማኑ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ሰማያዊዋ ነጥብ አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ። ሳጥኑ ላይ ብስኩት የበላበትን እጁን ቁምጣው ላይ ጠረገ። ደጋግሞ ጠረገ።

«ስንት ነን?» አለ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ።

ሌፔካ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች። ፊቷ ከፊቱ እኩል እንዲሆን ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች፣ ሁለቱንም እጆቹን ያዘች፣ ልትነግረው።