በክዳኑ ላይ ያለው እጅ

አለቃው የሞተው ከምሳ በኋላ ተኝቶ ሳለ ነው። ጋራዡ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ፣ በብረት ገመድ ከተንጠለጠለ የጭነት መኪና ሞተር ሥር ተጋድሞ ነበር። ሠራተኞቹ በልተው ሲመለሱ ሞተሩ ደረቱ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ፊቱ አልተነካም፤ አፉ ብቻ እንደተከፈተ ቀርቷል። በሕይወት ሳለም ያ አፍ እምብዛም አይዘጋም ነበር፤ የሚወጣውም ነገር ለጆሮ የሚጥም አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ ሥራውን ጨርሶ፣ ደስ ብሎት ጠበቃት። የሟቹን ታናሽ ወንድም በካቴና አስሮ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጦታል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ሞተሩ የተንጠለጠለበትን ማንሻ የሠራው ይሄ ነው። ከወንድሙ ጋር ዓይንና ናጫ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳታል።»

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራኸኝ?» አለችው።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ሌላው እፍኝ ሙሉ ዘግኖ የሚረካበትን ነገር እሷ ነፍታ ነፍታ አንዲት ጠጠር ታወጣበታለች። ትዕግሥቷ ለነገሩ እንጂ ለሰው ስላልሆነ የሚወዳት ብዙ አልነበረም።

ጎንበስ ብላ ሞተሩን አየችው። ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ረጅም ሞተር ነው፤ ዕድሜው ከእሷ ይበልጣል። ግራጫ ቀለሙ እዚህ ተልጦ፣ እዚያ ዝጎ፣ በዘይት እድፍ ተዥጎርጉሯል። በጎኑ በኩል አንድ ረጅም ክዳን ተነስቶ ክፍቱን ቀርቷል። በክፍተቱ አጮልቃ ስታይ ግን ውስጡ ያለው ብረት ሁሉ ያብረቀርቃል።

«ይሄ ነገር አዲስ ነው አሮጌ?»

«ሁለቱም ነው» አላት ቀለም ቀቢው። ፀጉሩ ከሰል የመሰለ ጎልማሳ ነው፤ «ሽበት» ብለው የሰየሙት አዲሱን ብረት አሮጌ ማስመሰል፣ ማሸበት፣ ስለሚችልበት ነው። «ባለመኪናው፣ ሞተሩ አባቴ እንደተዋት ትምሰልልኝ፣ ግን ትሥራ አለ። ስለዚህ ፒስተኑን፣ ቫልቩን፣ ውስጡን በሙሉ ቀየርን። ላዩን አንነካም። ብሎን ስንፈታ እንኳ ቀለሙ እንዳይላጥ መፍቻውን በቆዳ እንጠቀልላለን። የተፈታውን ደግሞ ካርቶን ላይ በተራው እንሰካለን፤ እያንዳንዱ ወደ ጥንት ቀዳዳው እንዲመለስ።»

ጠረጴዛው ላይ እንዲያ ያለ ካርቶን ነበር። የክዳኑ ብሎኖች በተራቸው ተሰክተዋል፤ የአንዱም ራስ አልተፋቀም። ቆዳ የተጠቀለለበት መፍቻ አጠገባቸው ተጋድሟል።

«ይህን ማን ፈታ?»

«እኛ አይደለንም። ለምሳ ስንወጣ ክዳኑ ሞተሩ ላይ ነበር።»

ክዳኑን መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘችው። ስትገልጠው ግራጫው ቀለም ላይ የሰው መዳፍ ታትሟል፤ ሰፊ መዳፍ፣ ትንሿ ጣቱ ወደ ውጭ የጎበጠች።

«የባለመኪናው አባት እጅ ነው» አለ ሳጅኑ፣ ወሬውን ቀድሞ ለቃቅሞ። «ሹፌር ነበር። ሞተሩን ራሱ ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ተደገፈው። ለልጁ ከዚያ እጅ በቀር ከአባቱ የቀረው ነገር የለም።»

ሽበት ወለሉን ማየት ጀመረ። ወንፊት እሱን አየችው። ወደ ሬሳው ተመልሳ የሟቹን ቀኝ እጅ ገለበጠች፣ አየችው፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችውና ሬሳው እንዲነሳ አዘዘች።

ወንድምየው ካቴናውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ብረት በቶርኖ የሚቀርጽ ባለሙያ ነው። ካቴናውም ሆነ የሳጅኑ ስድብ የሚያስከፋው አይመስልም።

«ማንሻው የአንተ ሥራ ነው?»

«ምላሷ የእኔ ናት።» ምላስ የሚላት፣ ገመዱ በሚጠቀለልበት ከበሮ ጥርስ ውስጥ ገብታ ክብደቱ ቁልቁል እንዳይወርድ የምትይዘውን ትንሽ ብረት ነው።

«ወንድምህ ሌላ መተኛ አጥቶ ነው ከሥሯ የሚተኛው?»

«ሊያዋርደኝ ነው እንጂ። ምላሷን የገጠምኩ ዕለት ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበና፣ ይሄ እርባና ቢስ የሠራው ከያዘ እነቃለሁ፤ ካልያዘ እሱን እሰሩት አለ። ከዚያ ወዲህ ምሳውን በበላ ቁጥር እዚያ ይተኛል። እኔ ደግሞ ምሳ አይወርድልኝም።»

«ታዲያ ምላሷ ለቀቀች ነው የምትለው?»

«ሞቶ የለ እንዴ» አለ።

የሟቹን ሚስት ቢሮ ውስጥ አገኘቻት። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አላለቀሰችም ብለሽ እንዳትጽፊብኝ፣ ልጄ። የነበረኝን እንባ እሱ በቁሙ ጨርሶታል።»

«ማን ሊገድላቸው ይችላል ብለው ያስባሉ፣ እትዬ?»

«የሚወደውን ብትጠይቂኝ ይቀለኝ ነበር፤ ቶሎ ያልቃል።»

«ዛሬ ከማን ጋር ተጣሉ?»

«ከባለመኪናው። ክዳኑ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ከሰዓት በኋላ ቆራርጬ ጥዬ ሌላ አስገባለሁ አለው። ሰውየው እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ባሌ ግን ምን አለ? 'አባትህ እጁን መጥረግ የማያውቅ ቆሻሻ ሹፌር ነበር።' ያውም በሰው ፊት።»

«እውነት ክዳኑ ያንጠባጥባል?»

«እኔ ምን አውቄ። የእኔ ዕጣ ማጠብ ነው። ቀለምን ለሽበት ትቶ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ግራጫ ተለቅልቆ መጣልኝ፤ በላምባ ስፈትገው ዋልኩ» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

ባለመኪናው ጥግ ላይ፣ እንደ ርስቱ በሚያያት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሙቀቱ ሳይከብደው ኮቱን ለብሶ ቀኝ እጁን ኪሱ ከቷል።

«በየቀኑ ይመጡ ነበር አሉኝ።»

«ሱቄን ዘግቼ። አባቴ ሲሞት ሕፃን ነበርኩ፤ ፎቶ እንኳ አልተወልኝም። እጁ ድሮ በቅባት ተሸፍኖ ጥላ ነበር የሚመስለው፤ እነዚህ ሰዎች ሲያጸዱት ቁልጭ ብሎ ወጣ። ትንሿ ጣቱ የጎበጠች መሆኗን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሳያት ትዝ አለኝ። በዚያች ጣት ጉንጬን ይዳብሰኝ ነበር።»

 ወንፊት ሰው ሲያሳዝናት ጥያቄ ታፈጥናለች።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ስመለስ ጩኸት ሰማሁ።»

ውሃ ቀዳችለት። ብርጭቆውን በቀኙ በኩል ብታቀርብለትም በግራ እጁ ዞሮ ተቀበላት።

ከዚያ ማንሻውን አስፈተሸች። ሞተሩን እንደገና አንጠለጠሉት። ገመዱን አወዛወዙት፣ ከበሮውን በመዶሻ መቱት፣ ሳጅኑም ሞተሩ ላይ ወጥቶ ተንጠላጠለ፤ እንኳን ለራሱ ለሚስቱም የሚከብድ ሰው ነው። ምላሷ ንቅንቅ አላለችም። ከሞተሩ ሥር ማንም እንዳይቆም አድርጋ ምላሷን በእጇ ልታነሳት ብትሞክር አልተነሳችም። ሽበት ከበሮው የሚዞርበትን እጀታ ትንሽ ወደ ላይ ሲያዞርላት ብቻ ተላቀቀች። ሽበት እጀታውን ለቆ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ሞተሩ እየተምዘገዘገ ወርዶ ታች በተነጠፉት ጎማዎች ላይ ሲያርፍ እጀታው እንደ እብድ ተሽከረከረ።

ሁሉንም እዚያው ማንሻው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ምላሷ አልለቀቀችም» ብላ ጀመረች። «እናንተም አያችሁ። አንድ ሰው እጀታውን ወደ ላይ አዙሮ፣ ምላሷን አንስቶ፣ ለቀቀው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሥራ ሠርቷል። የተኛው ሰው አጠገብ ቆሞ የክዳኑን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። መፍቻው ቆዳ ስለለበሰ አልጮኸም። ከዚያም ብሎኖቹን በተራቸው ካርቶኑ ላይ ሰካ።»

«የጋራዡ ሰው ነዋ!» አለ ሳጅኑ። «ይህን ሥርዓት ማን ያውቀዋል?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ሽበት፣ እንዲህ ያለ ክዳን ስታነሱ ክፍቱን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ወዲያው ንጹሕ ጨርቅ እንወትፍበታለን። ውስጡ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ከገባች ድካማችን ሁሉ አፈር በላ ማለት ነው። ከብሎኑ በፊት እሱ ነው የሚታሰበው።»

«ገዳዩ አልወተፈበትም። ለብሎን ቀለም የተጨነቀ ሰው፣ አዲሱን ሞተር ለአቧራ ትቶት ሄደ። ይህ ሥራውን ቁጭ ብሎ ያየ እንጂ ሠርቶት የማያውቅ ሰው ነው። የለመደው የሚታየውን ብቻ ነው።»

 ባለመኪናው በርጩማው ላይ ተመቻቸ።

«ሁለተኛ፣ ክዳኑን ለምን አነሳው? ሞተሩ ሲወድቅ እንዳይሰበር ነው። ሰውየውን ሊያደቅ፣ መዳፉን ሊያተርፍ። እዚህ ካላችሁት ሦስታችሁ፣ ሽበት፣ ወንድምየውና እትዬ፣ ለዚህ ክዳን ጣታችሁን አታነሱም። የሚያነሳው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ባለመኪናው ዞረች። «ቀኝ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ። እጀታው ሲለቀቅ እንዴት እንደሚማታ የማያውቅ ሰው ፈጥኖ አይሸሽም።»

እጁን ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት። አንጓው አብጦ ጠቁሯል።

«ክዳኑን ብቻ ይዤ ልሄድ ነበር» አለ። ድምፁ የተረጋጋ ነው። «ፈትቼ ጨረስኩና አየሁት። ያንኮራፋል። ጠዋት አባቴን እንደዚያ አዋርዶ፣ ሆዱን ሞልቶ ያንኮራፋል። ሠራተኞቹ ሲመጡ ሰማሁና ክዳኑን ሸሽጌ በጓሮ ወጣሁ። በቃ፣ እሰሩኝ። አልጸጸትም፤ የአባቴ እጅ ተርፏል። ለልጆቼ ስጡልኝ።»

ወንፊት እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር፤ ልታቆምም ፈልጋ ነበር። ሳጅኑ ግን ሁልጊዜ ጥያቄ የሚመጣለት ዝም ማለት ሲገባው ነው።

«ቆይ፣ ሦስታችሁ ያሉት ለምንድን ነው? እነሱስ ለምን አያነሱም?»

«የማን አባት እጅ?» አለች ሚስትየዋ። ወደ ባለመኪናው ቀርባ ቆመች። «ያ የባሌ እጅ ነው። ቀለሙን ፈትጌ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ ይተዉት» አለ ሽበት።

«ምን ይተዉት! አንተው ንገረው። ቀለሙን የበጠበጥከው አንተ አይደለህም?»

ሽበት አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «የመጣ ዕለት አለቃ ሳያስተውል ክዳኑን ቀለም በሚልጠው ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ነከረው። ባዶ ብረት ሆኖ ወጣ። ስህተቴ ነው ማለት ደግሞ አያውቅበትም። እኔ ቀለሙን አሸበትኩት፣ የእኔ መዳፍ ቀጭን ስለሆነ እሱ በራሱ እጅ አተመው። ሰሞኑን ሞተሩን አስነስተን ስንሞክረው ግን በሙቀቱ አዲሱ ቀለም ጠርዙ ላይ መፋቅ ጀመረ። ሳይነቃብን እናጥፋው አለ። ዘይት ያንጠባጥባል ያለው ለዚያ ነው። ምንም አያንጠባጥብም።»

«የሟቹን እጅ አይቻለሁ» አለች ወንፊት፣ በዝግታ። «ትንሿ ጣታቸው ተሰብራ ጎብጣ ነው የጠገነችው።»

ባለመኪናው ክዳኑን አየው። «ጉንጬን…» ብሎ ጀመረና ተወው። ሚስትየዋ ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አልነበረም፤ ቶሎም አላቆመችም። ሰውየው ባበጠው እጁ ጉንጩን ሸፍኖ ሳጅኑ እስኪያነሳው ድረስ እንደዚያው ተቀመጠ።

ካቴናው ከወንድምየው እጅ ወጥቶ ወደ ባለመኪናው እጅ ገባ። ወንድምየው አንጓውን እያሸ ቆመ፤ ነፃ የወጣ ሰው አይመስልም ነበር።

«አንተ ግን» አለችው ወንፊት፣ መናደዷን ሳትሸሽግ፣ «ዕድሜ ልክህን ልትታሰር ነበር። ምላሷን እንድንፈትሻት እንኳ አልጠየቅክም። ለምንድን ነው ያልተከራከርከው?»

«የለቀቀች መስሎኝ ነዋ።»

«ራስህ ሠርተሃት? አንድም ቀን ሳትለቅ?»

«እርባና ቢስ ነህ እያለ አይደል ያሳደገኝ። ሞተሩን ደረቱ ላይ ሳየው፣ እውነቱን ነበር አልኩ።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ለወንድሙ ይሁን ለራሱ፣ ያን ቀን በዚያ ጋራዥ ያለቀሰ እሱ ብቻ ነው። «ሞቶም አሳምኖኝ ነበር።»

ኮቱን ከመስቀያው አንስቶ፣ ማንሻውን ዞር ብሎ ሳያይ ወጣ።