ዜሮ ማርሽ

መምህር ገብረ ሕይወት ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ የመንጃ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ፣ በግንቡና በማሠልጠኛዋ መኪና መካከል ተጣብቀው የሞቱት ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነበር። ኢንስፔክተር ምህረቱ ሲደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፣ መኪናዋም ተገፍታለች፤ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስል ነበር።

«ጀማሪ ናት፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለች አስነሣቻት» አለ ትራፊኩ።

«ጀማሪ ናት» አሉ የማሠልጠኛው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬም።

ሁለተኛው አሠልጣኝ ዘሥላሴ ደግሞ «ሞተሩ ሲያጓራ ሰምቼ ዞር ስል፣ መኪናዋ ዘላ ግንቡ ላይ አጣበቀቻቸው» አለ።

ምህረቱን ከሁሉ ያበሳጨው ግን መሪው ላይ የነበረችው የአልታየች መልስ ነበር። ከተፈናቃዮች መጠለያ እየተመላለሰች፣ የአምቡላንስ ሹፌር ለመሆን የምትሠለጥን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

«ሞተሩን አስነሥተሽ ነበር?»

«ሁሉም አስነሣሽ ይሉኛል።»

«እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው!»

«አላውቅም ጌታዬ። ገደልኳቸው።»

ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስቴም «ገደልኳቸው» አለች። ለራሷ አንዲት ቃል የማትተነፍስን ሰው እንዴት አድርጎ ይርዳት? ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«እሺ፤ ያስተማሩሽን በተራ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ወንበር ማስተካከል። ቀበቶ። መስተዋት። የእጅ ፍሬን መሳቡን ማየት። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ዜሮ ማድረግ። ከዚያ ቁልፍ መጠየቅ።»

«መጠየቅ?»

«እሳቸው ፊት ለፊት ቆመው፣ ኮፈን ከፍተው ዘይት ያያሉ። ሁሉንም ስጨርስ ነው ቁልፉን ከኪሳቸው የሚሰጡኝ።»

ምህረቱ ወዲያው ሆስፒታል ደወለ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተጋድሞ መኪናዋ ሥር ገባ።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ቢሮ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ቁልፉ የተገኘው ከሟቹ ካፖርት ኪስ ነው። ሌላ ቁልፍ አለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል» አሉ ጥሩዬ።

«ስለዚህ ሞተሩ አልተነሣም። አቶ ዘሥላሴ፣ ያልተነሣ ሞተር ሲያጓራ እንዴት ሰማህ?»

ዘሥላሴ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ታዲያ መኪናዋን ምን አንቀሳቀሳት?» አሉ ጥሩዬ።

«ቁልቁለቱ። ዛሬ አፍንጫዋን ወደ ግንቡ አድርጋ ነው የቆመችው። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ብሎን ተፈቷል፤ ያረጀ ገመድ ይበጠሳል፣ ይኼ ግን በመፍቻ የተፈታ ነው። የያዛት አንደኛ ማርሽ ብቻ ነበር። አልታየች እንደተማረችው ዜሮ ስታደርገው የሚይዛት ጠፋ። ይህን ያደረገው ሰው መምህሩ የት እንደሚቆሙ፣ ልጅቷም ተራውን እንደማትስት ያውቃል። ጠዋት መኪናዋን አቁሞ ቁልፉን ለመምህሩ የሰጠው ማን ነው?»

«ዘሥላሴ» አሉ ጥሩዬ። «መምህሩ ዓርብ ዕለት ነግረውኝ ነበር። ሳይሠለጥኑ ለሚያልፉ ሰዎች እንደሚፈርምላቸው ደርሰውበት፣ ሊያመለክቱበት ነበር።»

«እግራቸውን ብቻ የምትነካቸው መስሎኝ…» አለ ዘሥላሴ፤ አልጨረሰውም።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ምህረቱ ወደ አልታየች ዞረ።

«ጥፋት የለብሽም። አንዲት ነገር አልሳትሽም።»

አልታየች ቀና ብላ አየችው።

«ስቼ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ይኖሩ ነበር ማለት ነው?»

ምህረቱ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቃት ውሎ፣ የእሷን አንዲት ጥያቄ መመለስ አቃተው።