የሐሙስ ግብ ጠባቂ

ሕሊና የጓንቷን ማሰሪያ እያጠበቀች ወደ አጥሩ አየች። ያ ተጫዋች መልማይ ሰውዬ ዛሬም መጥቷል። የትልቁን ክለብ ጃኬት ለብሶ፣ ከእናቷ ከአሰለፈች አጠገብ ቆሞ አንድ ነገር ያስረዳታል። እናቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ራሷን ትነቀንቃለች።

የቶር ፒኛታራ ሴቶች ቡድን ሐሙስ ከሰዓት የሚጫወተው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁሉም «ሚስተር» የሚሏቸው ሽማግሌው አሰልጣኝ ኤንሪኮ ሌሎቹን የሰፈር ቡድኖች ለምነው ያስወሰኑት ቀን ነው። እዚህ ጣሊያን አገር ሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ እናቶች ከእሁድ ሌላ የሚያርፉት ያኔ ብቻ ነው፤ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሚስተር ሣር ሜዳ የላቸውም፤ አውቶቡስም የላቸውም። ተጫዋች ሲፈልጉ ለእናቶቹ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «መጥታችሁ ታዩዋታላችሁ።»

እሱም አልበቃም። በመስከረም ሞኒካ ወደ ሌላ ክለብ ሄደች፤ ከገና በኋላ ቅሳነት ተከተለቻት። አሁን የቀሩት ልክ አሥራ አንድ ናቸው። ሕሊና ከሄደች ቡድኑ ይፈርሳል።

«ሚስተር፣ እምቢ ልለው ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌው ኳሱን በጫማቸው አንከባለሉ።

«የደወልኩለት እኮ እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ የማስተምርሽ ካለቀ ቆየ። ቡድኑ እንዲቆይ ብዬ አንቺን ልያዝ?»

በዚህ መሀል እናቷ ፊቷ በርቶ መጣች። ጫማውንም ጓንቱንም የሚሰጡት እነሱ እንደሆኑ፣ ሐኪም ሳይቀር እንዳላቸው ነገረቻት።

«አሎራ፣ ታዲያ ጨዋታው መቼ መቼ ነው? እሱን ሳልጠይቀው።»

ሕሊና ታውቃለች። ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ እናቷ የምትጦራቸውን አሮጊት ትታ የትም መሄድ አትችልም። ሐሙስ ነው ልትላት አፏን ከፈተች።

«ቅዳሜ» አለች።

አሰለፈች የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፤ ምንም ሳታወጣ መልሳ ዘጋችው።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለች። «ሲያልቅ ትደውይልኛለሽ። እያንዳንዷን ኳስ ትነግሪኛለሽ።»

«አንድም ሳላስቀር።»

አሰለፈች ከአጥሩ ወዲያ ተመልሳ ቆመች፤ ዳኛው አምበሎቹን ጠራ። የሳንቲሙ ዕጣ ለሕሊና ወጣ። ሁልጊዜ የምትመርጠው ፀሐይ ከጀርባ የሚሆንበትን፣ ከአጥሩ የራቀውን ጎል ነበር። ዛሬ እናቷ በቆመችበት በአጥሩ በኩል ያለውን ጠቆመች።

«ነካ አደረገሽ እንዴ?» አለቻት ተከላካይዋ ሬጂና። «ፀሐዩ ዓይንሽ ውስጥ ሊገባ ነው።»

ሕሊና ሄዳ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ቆመች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፀሐዩን ከለለች። ከኋላዋ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማት ነበር።