አዳራሹ የሚያርፍበት መንገድ

«አትንቀሳቀሺ ብዬሻለሁ!» አለ አባቷ፣ በከንፈሮቹ መሀል የያዛቸውን እስፒሎች ሳያወጣ። በዚህ የሱቆች መንገድ ላይ እስፒል አፉ ውስጥ እያለ ማውራት የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነው። ከማውራት ግን ማንም አስቁሞት አያውቅም።

«አልተንቀሳቀስኩም። እየተነፈስኩ ነው።»

«እሱንም ቀነስ አድርጊ።»

ልጅቱ ሳቀች። ስትስቅ ትከሻዋ ላይ የተሰካው እጅጌ ተንሸራተተና አባቷ እያጉረመረመ ከመጀመሪያው ጀመረ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት አባቷን ካለፈችው ቆይታለች። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ «መሰላል» ብሎ ስም ካወጣላት ወዲህ መንገዱም፣ የቅርጫት ኳስ ቡድኗም በዚሁ ስም ይጠራታል።

ኮቱ ለዛሬ አመሻሽ መድረስ አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ስብሰባ ጠርቷል፤ የከተማው ገንዘብ ባለጣሪያ የስፖርት አዳራሽ ይሠራበት ወይስ አይሠራበት የሚለው ዛሬ ይለያል። አዳራሹ ከተሠራ መሀል ከተማው ነፍስ ይዘራል ይባላል። ነፍስስ ያስፈልገዋል። ትልልቆቹ መደብሮች ወደ አዲሱ ሰፈር ከሄዱ ወዲህ እዚህ የቀሩት ልብስ ሰፊው አባቷ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሰዓት ሠሪው፣ አበባ ሻጯና አንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ናቸው። አዳራሹም የሚሠራው በሲኒማ ቤቱ ቦታ ላይ ነው ተብሏል።

ስብሰባው ላይ ወጣቶችን ወክላ የምትናገረው መሰላል ናት። የመረጠቻት አሠልጣኟ ናት። «አንቺ ከተናገርሽ እምቢ የሚል አይኖርም» ብላታለች። «ዛሬ ካለፈን ግን ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይውላል፤ ከዚያ በኋላ እንጃ።»

የምትናገረውን መሰላል ከልቧ ትፈልገዋለች። ቡድኑ የሚለማመደው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ላይ ነው። አምና በዝናብ አንሸራትቷት ግራ እጇ ተሰብሮ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ከተማ ለውድድር ሄደው የእንጨት ወለል ላይ ተጫውተዋል። ኳሱ እዚያ ወለል ላይ ሲነጥር የሰማችው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዋ አልወጣም።

«ጥቁር ክር አለቀብኝ» አለ አባቷ። «ገዝቼ መጣሁ። ምንም ነገር እንዳትነኪ።»

ምንም ነገር እንዳትነካ የተነገራት ልጅ ምን እንደምታደርግ የታወቀ ነው። መሰላል ኮቱን ቀስ ብላ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አየር ልትቀበል ወደ ደጅ ወጣች። እዚያ ወይዘሮ ቆማለች። ወይዘሮ ማለት አባቷ የተሰፋ ልብስ የሚያሳይባት፣ ጭንቅላት የሌላት የእንጨት ምስል ናት። ቦታዋ ሱቁ ውስጥ፣ ከመስታወቱ አጠገብ ነበር። አሁን ግን ከበሩ በስተግራ ፀሐይ ላይ ተገትራለች፤ ያውም የደንበኛ ጥቁር ሱፍ ለብሳ!

መሰላል ግራ ገባት። አባቷ ከፀሐይ ጋር የቆየ ጠብ አለው። ጥቁር ሱፍ ፀሐይ ከበላው ትከሻው ላይ ይነጣል፤ የሱቁን መጋረጃ ገለጥ ያደረገ ሰው እንኳ ከአባቷ ቁጣ አያመልጥም። «ረስቷት ነው» ብላ ወይዘሮን ወገቧን ያዘችና ወደ ውስጥ ልታስገባት ብድግ አደረገቻት።

ወይዘሮ ቆማ ከነበረችበት ኋላ፣ ግድግዳው ላይ፣ ትልቅ ቀይ የኤክስ ምልክት ነበር።

ቀይ ኤክስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አዲሱ አስፋልት ሲሠራ የፈረሱት ቤቶች ሁሉ መጀመሪያ የተቀቡት እሱን ነው። ወይዘሮን እንዳቀፈች ዞር ብላ መንገዱን አየች። የፀጉር አስተካካዩ አግዳሚ ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ሆኖ በቁሙ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሰዓት ሠሪው መደርደሪያውን አውጥቶ ጀርባውን ለአላፊ አግዳሚው አድርጎታል። የአበባ ሻጯ ባልዲዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ከሰው ቁመት ደርሰዋል። ሁሉም ከበሩ በስተግራ። እሷና ጓደኞቿ በየቀኑ ኳስ እያነጠሩ በዚህ መንገድ ያልፋሉ፤ አንዳቸውም ልብ አላሉም።

ወይዘሮን አስገባችና በቀጥታ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄደች። ሰውዬው ብቻውን ምላጭ ይስላል።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ለምን ቆመ?»

«ደክሞት ይሆናላ። ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፣ ወንበር ሲደክመው ይቆማል።»

«ሙድ አይያዙብኝ፣ ጋሼ። ቀዩን ቀለም አይቼዋለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምስጢር በመጠበቅ አይታማም፤ ይህን ያህል መቆየቱ ራሱ ተአምር ነው። ምላጩን አስቀመጠና ተነፈሰ። «ባለፈው ሳምንት፣ እናንተ ትምህርት ቤት ሳላችሁ ነው የቀቡት። የሚፈርሰው ሲኒማ ቤቱ ብቻ ነበር፤ አሁን ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ እኛም ተጨመርን። በእኛው ግብር ተሠርቶ እኛኑ የሚያስነሳ አዳራሽ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው።» ወዲያው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁላችንም ስብሰባው ላይ ልንጮህ ነበር። አባትሽ ነው የለመነን። ‹ከሄድን እንናገራለን፤ የምንናገረው ደግሞ በልጆቹ ላይ ነው› አለን። እኛም ተስማማን፤ ማናችንም አንሄድም። ይጫወቱበት አልን፣ ልጄ። እጅሽ የተሰበረ ዕለት አባትሽን ብታዪው ኖሮ! መቀሱን በእጁ ይዞ መቀሱን ሲፈልግ ነበር የዋለው።»

እነዚህ ሽማግሌዎች ቀዩን ከልጆቹ ለመደበቅ በየጠዋቱ እየተነሡ ወንበርና ባልዲ ሲያቆሙ ለመሰላል ታያት። ሳቅም እንባም ተናነቃት።

አባቷ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ኮቱን ልበሺ እንጂ፣ መሸ እኮ።»

«ወይዘሮን አስገባኋት።»

አባቷ ክሩን እንደያዘ ቆመ። ወይዘሮን አየ፤ በሩን አየ። «ትንሽ ፀሐይ ትሙቅ ብዬ ነው» አለ።

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ።» ተቀመጠ። «ከተማው ዳር ቦታ ይሰጡናል። ከዚህ ይሰፋል ነው የሚሉት።»

«ሰው በማያልፍበት ማን ሱሪ ሊያሳጥር ይመጣል?»

«እዚህስ ማን አለፈ?»

እውነቱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ሱቁ የገባ አንድ ሰው ነው፤ እሱም የሰው ቤት ጠፍቶበት ሊጠይቅ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ‹አልናገርም› ትያለሽ። ልክሽን የማውቀው እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ አንተ በሰፋኸው ኮት ቆሜ አንተን ከሱቅህ ላስወጣህ?»

አባቷ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሞከረ። ክሩ ሳተ። እንደገና ሞከረና እንደገና ሳተ። መሰላል በጣም ተናዳበት ነበር፤ ልትጮህበት ትፈልጋለች፤ ልታቅፈውም ትፈልጋለች። መርፌውን ከእጁ ወስዳ ክሩን አስገባችለት።

«እንዴት እንደምታናድደኝ፣ እንዴት እንደምወድህም አታውቅም» አለችው።

«አዳራሹን አትፈልጊውም እንዴ?»

«እፈልገዋለሁ! እሱ አይደል ችግሩ?» ድምፏ ተሰበረ። «አብረን ካልሄድን ግን እኔም አልሄድም።»

«እኔ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ? ዝም አይነቅዝም» አለ፣ በዕድሜው ዝም ብሎ የማያውቀው ሰውዬ።

«በል እስፒሎችህን አስቀምጥና ተነሥ። ጋሼንም ጥራቸው።»

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሲደርሱ ሞልቶ ነበር። ግድግዳው ላይ የአዲሱ አዳራሽ ሥዕል ተሰቅሏል፦ የሚያብረቀርቅ ጣሪያ፣ ለምለም ዛፎች፣ የሚስቁ ሰዎች። መሰላል ሥዕሉን ደጋግማ አየችው። ያምራል፤ ማማሩ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቃት። አባቷና ፀጉር አስተካካዩ ሹልክ ብለው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ቡድኗ የፊተኛውን ረድፍ ይዟል፤ መለያቸውን ለብሰዋል። አሠልጣኟ ስታያት አውራ ጣቷን ቀሰረችላት።

«የወጣቶች ተወካይ» ብለው ተጣሩ ሰብሳቢው። «ከእርስዎ እንጀምራለን።»

በሕይወቷ «እርስዎ» ስትባል የመጀመሪያዋ ነው። እጅጌው በእስፒል እንደተያዘ ኮቱን ለብሳ ማይክራፎኑ ጋ ቆመች። ንግግሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከእንጨት ወለሉ ነው የሚጀምረው። መሀሉ ላይ የተሰበረ እጇ አለ፤ እዚያ ጋ ሰዎች እንደሚነኩ አሠልጣኟ ነግራታለች።

«ተራዬን መቀየር እፈልጋለሁ» አለች።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «አልገባኝም።»

«አዳራሹን እፈልገዋለሁ። ስለሱ የምለው አለኝ፤ እለዋለሁም። ግን አዳራሹ የሚሠራበት መንገድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ሱቃቸው ቀይ ተቀብቷል። እነሱ ይቅደሙ። እኔ እነሱን ከሰማሁ በኋላ እናገራለሁ።»

የአሠልጣኟ አውራ ጣት ታጠፈ። ከቡድኑ አንዷ «ሼም ነው! ምን እየሆነች ነው?» ስትል መሰላል ሰማቻት። ፊቷ እሳት ሆነ። የሚወዷት ልጆች ናቸው፤ ነገ ምን እንደምትላቸው አታውቅም። ቢሆንም ከማይክራፎኑ አልተነቃነቀችም።

ከኋላ ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቱን በክርኑ ሲጎሽመው ታየ። «ተነሥ እንጂ! ሱቅህ ውስጥ ማን አፍህን ይዘጋልህ ነበር?»

አባቷ ተነሣ። ሸሚዙን ወደ ታች እየጎተተ፣ የሰዉን እግር ይቅርታ እየጠየቀ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ላብ አጥምቆታል።

«ጉድ ሠራሽኝ» አላት በሹክሹክታ። «ምን ብዬ ልጀምር?»

«እኔን እንደምትቆጣኝ አድርገህ ጀምር።»

ማይክራፎኑን ሰጠችውና ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄደች። አሠልጣኟ ለአፍታ ቀና ብላ አላየቻትም። ከዚያ «አባትሽ ናቸው?» አለች።

«አዎ።»

አሠልጣኟ ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር አነሣች። መሰላል ተቀመጠች።

አባቷ ማይክራፎኑን እንደማያውቀው መሣሪያ አገላብጦ አየው። «እኔ...» አለ፤ ድምፁ ከሸሚዙ አንገት የሚያልፍ አይመስልም። «እኔ እንግዲህ... እዚያ መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ጮክ በል፣ አባዬ» አለች መሰላል። «ከኋላ አይሰማም።»