የአቶ ግን የመጀመሪያ አስተያየት

አቶ ግን የሚለውን ስም ያወጣንለት እኔና ታናሽ እህቴ ነን። ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣ ላይ ስለ አዳዲስ ዕቃዎች ይጽፋል። ስልክም ይሁን ምድጃ፣ ሁለት አንቀጽ ሲያወድሰው ይቆይና ሦስተኛውን «ግን» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ለዕቃው ማዘን ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቃችን ሲገባ ማንነቱን አላወቅሁም። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ የሸሚዙ ኪስ በብዕር ቀለም የጠቆረ ሰው ነበር።

«አዲሱን ታብሌት ማየት እችላለሁ?»

አወጣሁለት። እሱም ከቦርሳው ሌላ ታብሌት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ የሚሸጠው ተፎካካሪያችን ነበር።

«ጠላታችንን ቤታችን ድረስ ይዘውት መጡ?» አልኩት።

«ሳይተያዩ እንዴት ይዳኛሉ?» ብሎ ሳቀ። የሐሙሱን የጋዜጣ ጽሑፍ የሚጽፈው እሱ መሆኑን ሲነግረኝ ግን የኔ ሳቅ ጠፋ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ የአዲሱ ታብሌት ብቸኛ አከፋፋይ ሆኖ ነበር። በዚያ ወር አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ ነው። አባቴ ከዚያ ትምህርት ቤት ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ሁለቱን እያነሳን እየጣልን አየናቸው። የኛው እንደ ደብተር ቀላል ነው፤ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ እንኳ ጥርት ይላል። ያኛው ወፈር ብሎ ደብዘዝ ያለ፣ ሲከፍቱት ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው የሚንጠራራ።

«እስቲ ይጻፉበት» አለኝ።

በኛው ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ ጻፍኩ። እሱ በያኛው ላይ «እንኳን ደህና ቆዩኝ» ብሎ መለሰና ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ቶሎ ወደ ታብሌቶቹ ተመለስን።

ማክሰኞም መጣ፤ ረቡዕም መጣ። እህቴ «የሚያየው ታብሌቱን ነው ወይስ ባለ ታብሌቷን?» እያለች ታሾፍብኝ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት «እርስዎ» መባባሉ ቀረ፤ ማን እንደተወው አላስታውስም። ከሥራ በኋላ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ይሸኘኛል። አውቶቡሱ ይመጣል፣ እናሳልፈዋለን። ሌላው ይመጣል፣ እሱንም እናሳልፈዋለን።

አንድ ቀን እዚያው ቆመን «ይህን ታብሌት አንቺ ለልጅ ትሰጪዋለሽ?» አለኝ።

«አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ሁለት ሰዓት ከሠራ ጀርባው ይግላል። ሱቅ ውስጥ በርቶ የሚውለውን ሳነሳ ያቃጥለኛል።»

ይህን ለአባቴ ልነግረው ስንቴ አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ መልሼ እዘጋዋለሁ። ለእሱ ግን ሳላስበው ወጣኝ። ሲወዱ አፍ አይታመንም።

ከሳምንት በኋላ የጻፈውን ይዞ መጣ። «ራሴ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ያልሽው ትክክል ነው። ሳይታተም አንብቢው።»

መጋዘን ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እንደ ልማዱ ሁለቱ አንቀጽ ምስጋና ነው፤ ሦስተኛው «ግን ጀርባው ይግላል» ብሎ ይጀምራል።

«ሦስተኛውን ሰርዘው ካልሽኝ እሰርዘዋለሁ» አለ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ከሰረዝከው በኋላ እንደ ድሮው ታየኛለህ?»

«እንጃ» አለ። ቢዋሸኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሸኝም።

«አትንካው» አልኩት። «እንዳለ ይውጣ።»

መጥቶ እጄን ያዘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ሐሙስ ታተመ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ያኛውን መረጠ። አባቴ ጋዜጣውን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባዬ። የነገርኩትም እኔ ነኝ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

«እውነቱን መናገርሽ አይደለም የቆጨኝ፣ ልጄ። ቀድመሽ ለእኔ ብትነግሪኝ፣ እኔ ራሴ ትምህርት ቤቱ ሄጄ አልነግራቸውም ነበር?»

ጋዜጣውን አጥፌ ከባንኮኒው ሥር ከተትኩት።

ታብሌቶቹን ለላኪው መለሰና ከሱቁ ጓዳ ወዳለችው የጥገና ጠረጴዛው ተመለሰ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር።

ጋዜጠኛው ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። አባቴ ተነስቶ ወንበር ሰጠው፤ «ሥራህን ነው የሠራኸው» ብሎ እስከ በር ሸኘው። ከሄደ በኋላ ግን አባቴ የሬዲዮ መበየጃውን ሳያነሳ ቁጭ ብሎ ዋለ።

በነጋታው ፌርማታው ላይ ቁርጡን ነገርኩት። «አንተን ባየሁ ቁጥር የአባቴ ፊት ነው የሚመጣብኝ። ከእንግዲህ አትምጣ።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም።»

አውቶቡሱ መጣ። በዚያ ቀን አላሳለፍኩትም። በመስኮቱ ሳየው እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል፤ የተናገርኩትን የምመልሰው ይመስል ይጠብቃል።

ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። በየወሩ አንድ ጊዜ ይደውል ነበር፤ ስልኩ እጄ ላይ ጮኾ ጮኾ ይቆማል። ከዓመት በኋላ መደወሉን ተወ። በአራተኛው ዓመት አንዲት አስተማሪ እንዳገባ ሰማሁ። እህቴም ትዳር ይዛ ወጣች። ቤቱ ለእኔና ለአባቴ ቀረ።

ባለፈው ክረምት አባቴ ታመመ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ እያጎረስኩት በድንገት «ያ ጋዜጠኛ ልጅ ምነው ቀረ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም። አንተን እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

ማንኪያውን በእጁ መለስ አድርጎ ትክ ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውኃ ሞላ።

«እኔ እኮ ይቅርታ ሊጠይቀኝ የመጣ ዕለት ልጁን ወድጄው ነበር» አለ። «ማታ ማታ ሲሸኝሽ አይ ስለነበር፣ መቼ ልጅዎን ይስጡኝ ይለኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ቀረ። ጥሎሽ የሄደ መሰለኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ ስሙን አላነሳሁትም።»

ሾርባው ቀዝቅዟል። ላሙቀው ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። እሳቱን ለኩሼ፣ ድስቱን ጥጄ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«ልጄ፣ አለሽ?» አለኝ ከመኝታ ቤት።

ፊቴን በእጄ ጠረግሁና ድምፄን አስተካከልኩ።

«አለሁ፣ አባዬ» አልኩ።