ቅጠል የሸፈነው ምልክት

የልጅ ልጄ ሚጡ የላውንደሪ መኪና ትነዳለች። ከየክሊኒኩ የቆሸሸ አንሶላ ሰብስባ ንጹሑን ታደርሳለች። ከቤት ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ እስክትመለስ ከመስኮቱ አልነቀልም።

ያን ቀን በሩን በርግዳ ገባች። አንሶላ አድርሳ ስትመለስ የመኪናው መስታወት ላይ የፓርኪንግ ቅጣት ተለጥፎ ጠበቃት። ማቆም ክልክል ነው የሚል ምልክት አላየሁም ባይ ናት። ከዚህ በፊትም ተቀጥታ ስለነበር አሁን መንጃ ፈቃዷ ሊታገድ ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ሥራ የለም። ሄደሽ ለምኚያቸው እንጂ አትሟገቺ አልኳት። ያላጠፋሁትን ምን ብዬ ልለምን አለችኝ።

በማግስቱ ቦታውን ፎቶ ልታነሳ ሄደች። ምልክቱ ዛፍ ሥር ወለል ብሎ ይታያል! አጠገቡ አንድ ወጣት መጋዝ ይዞ መሰላል ላይ ቆሟል፤ ምልክቱን ጋርዶት የነበረው ቅርንጫፍ መሬት ላይ ወድቋል።

«ምነው ወንድሜ፣ ማስረጃዬን እኮ ነው የቆረጥከው» አለችው።

ወርዶ ነገሩን ሲሰማ ላብ አጠመቀው። ምልክቱን የተከለው ራሱ ነበር፤ ያኔ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ነበር፤ መልሶ እንደሚያወጣ ልብ አላለም። ስህተቱን ሲያይ አለቃው ሳይደርስበት ሊያስተካክል መጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እህቴ። እመሰክርልሻለሁ።»

«ከዚያስ አንተ ምን ትሆናለህ?»

በሥራው የሙከራ ጊዜውን ገና አልጨረሰም ነበር፤ ጥፋቱን ካመነ ሊያባርሩት ይችላሉ። ልትጮህበት የሄደችው ልጅ፣ ፀጉሩ ላይ የቀረውን ቅጠል አንስታለት ተመለሰች። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ይቆጣል፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነው የሚለው።

ከዚያ ወዲያ ባለ መሰላሉ ከደጃችን አልጠፋ አለ። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጭነት ያግዛታል፣ እኔንም እማማ እያለ አምፖሌን ይቀይርልኛል። የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን አባርሬው እገላገል ነበር። የአቤቱታው ቀነ ገደብ እየደረሰ ሁለቱም ስለሱ ትንፍሽ አይሉም።

ቃልህን ስጥላት ብዬ እኔው ልለምነው አልኳት።

«እማ፣ እንጀራውን ላሳጣው?»

«የአንቺስ?»

«የእኔን እኔ አውቃለሁ።»

በመጨረሻው ቀን ዋዜማ ደጅ ላይ ጠየቃት።

«ነገ አቤት ትያለሽ አይደል?»

«ትቼዋለሁ።»

«ቃሌን አታምኚውም ማለት ነው።»

መሬት መሬት አየች። እሱም ደህና እደሪ እንኳ ሳይል ሄደ። ከመጋረጃው ጀርባ እርር ድብን አልኩ። የሁለቱንም ጆሮ ይዤ ባጋጭላቸው ደስ ባለኝ!

በነጋታው ፈቃዷን ልታስረክብ ስትወጣ ብቻዋን አልለቃትም ብዬ ተከተልኳት። የቢሮው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ባለ መሰላሉ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ያን ቅርንጫፍ፣ ቅጠሉ ጠውልጎ፣ አጋድሞታል። ቃሉን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው።

«ማንም። አንቺማ አታምኚኝም።»

«ስለማምንህ እኮ ነው ያልጠየቅኩህ። ብጠይቅህ እንደምትመጣ አውቅ ነበር።»

ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔም ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ፤ አያት መሆን አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ቅጣቱ ተሰረዘላት። እሱን ግን ብዙም ሳይቆዩ አሰናበቱት። ጥፋቱን በገዛ አፉ የተናገረ ልጅ ይባረራል? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ላውንደሪው ጫኝ አድርጎ ባይቀጥረው ምን ሊውጠው ነበር!

አሁን ተጋብተው በአንድ መኪና ይሠራሉ። ሊጠይቁኝ ሲመጡ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። ቀና ብሎ፣ የተጋረደ ምልክት እንዳይኖር፣ ዛፎቹን በየቅርንጫፋቸው ያያል። እሷም መሪውን እንደጨበጠች ትጠብቀዋለች፤ ሞተሩን የምታጠፋው እጁን ሲያነሳላት ነው።